የትሮዶስ አለትና አፈር፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ፦ መስመሩ

በቆጵሮስ ከሜሳዎሪያ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ትሮዶስ ተራራ ጫፍ፣ 1,952 ሜትር ድረስ፣ በሚወጣ አንድ መስመር ላይ አለቱን፣ አፈሩንና ተክሉን አንድ ላይ መመዝገብ። አለቱን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ አፈሩን መለካት፣ በዚያው አፈር ላይ ገብስ መዝራት። ሥራው ይኸው ነው።

ጥያቄው፦ ወደ ላይ ሲወጣ ተክሉ የሚለወጠው በከፍታውና በዝናቡ ነው ወይስ በድንጋዩ? ሜዳው በዓመት ከ300 እስከ 350 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያገኝ ጫፉ ወደ 1,100 ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ በታኅሣሥና በጥር በረዶ ይለብሳል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዝናቡ ይበቃል ይላል። እኔ ግን ድንጋዩ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት፤ መፈተን ያለበትም ይህ ነው።

ትሮዶስ ኦፊዮላይት ነው። ከ90 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ዛሬ በሌለው በቴቲስ ውቅያኖስ ወለል ላይ የተሠራ ቅርፊት ከሥሩ ካለው ማንትል (ከቅርፊቱ በታች ያለው የምድር ንብርብር) ጋር ተገፍቶ የብስ ሆኗል። ጂኦሎጂስቱ ኢያን ጋስ እ.ኤ.አ. በ1968 ኔቸር መጽሔት ላይ ይህ ተራራ የጥንት ውቅያኖስ ወለል ቁራጭ ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ ሙርስና ቫይን በ1971 አዎ የሚለውን አጠናከሩ። በ1973 ሚያሺሮ የላቫው ኬሚስትሪ የሚመስለው የደሴት ቅስት እሳተ ገሞራን፣ ማለትም አንድ ቅርፊት በሌላው ሥር ሲሰምጥ የሚፈጠረውን፣ ነው ብሎ ክርክር ከፈተ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚይዘው ሁለቱን የሚያስታርቀውን ነው፦ ወለሉ የተሠራው በመስፋት ነው፣ የሰፋው ግን ሌላ ቅርፊት ከሥሩ እየሰመጠ ባለበት ቦታ ነው።

መስክ ላይ የሚያደናግረው ቅደም ተከተሉ ነው። ማንትል ውስጥ ውሃ ሲገባ ማዕድኑ ሰርፔንቲን ይሆናል፤ አለቱ ይቀልላል፣ ይዘቱም ያብጣል። በዚህ የተነሣ መሐሉ ወደ ላይ ተገፋ፣ የላይኛው ንብርብር ታጥቦ ሄደ። ስለዚህ ተራራውን የሚወጣ ሰው በቅርፊቱ ውስጥ እየወረደ ነው፦ መጀመሪያ ነጩ የለፍካራ ቾክ (ለስላሳ የኖራ ድንጋይ)፣ ቀጥሎ ትራስ የሚመስለው ፒሎ ላቫ፣ ቀጥሎ ዳይኮቹ (ስንጥቅ ውስጥ የደረቁ የአለት ግድግዳዎች)፣ ቀጥሎ ጋብሮ (በጥልቅ ቀስ ብሎ የደረቀ ሻካራ አለት)፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የማንትሉ አለቶች፣ ሃርዝበርጋይት፣ ዱናይትና ማዕድኑ ወደ ሰርፔንቲን የተለወጠው ሰርፔንቲናይት።

ካርታው የ1995ቱ የደሴቱ የጂኦሎጂ ካርታ፣ 1፡250,000 ነው። በዚህ መጠን አንድ ሚሊ ሜትር ማለት 250 ሜትር ነው፤ የእርሳስ መስመር ውፍረት ብቻውን አንድ ሙሉ ኮረብታ ይውጣል። የአለቱን ወሰን በእግር መፈለግ ግድ ነው።

ዕቃ፦ የጂኦሎጂ መዶሻ፣ ባለ 10 እጥፍ ሌንስ፣ የስልክ ጂፒኤስ፣ 40 ሜትር ገመድ፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ወንፊት፣ የኪስ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት) መለኪያ። ከነዚህ ውስጥ ውዱ መለኪያው ነው፣ 60 ዩሮ ገደማ። ጫፉ አካባቢ ያለው ደን ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ለአለትም ለቅጠልም ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን ከመዶሻው በፊት ማስገባት ይበጃል።

ጥቅምት፦ በእግር

ከክሊሩ ድልድይ ጀመርኩ። አካኪ ወንዝ ላቫውን ቆርጦ ስላለፈ ትራሶቹ ተቆርጠው ይታያሉ። የአንዳንዱ ስፋት አንድ ሜትር ይጠጋል፤ ዙሪያው መስታወት መሰል ጥቁር ቅርፊት አለው፣ ቅልጡ የባሕር ውሃ ሲነካ በቅጽበት የደረቀበት ቦታ ነው።

ወደ ካኮፔትሪያና ወደ ፓሌኾሪ ሲወጣ ዳይኮቹ ይመጣሉ። ዳይክ ማለት ቅልጥ አለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቆሞ የደረቀበት ግድግዳ ነው። ሌላ ቦታ ዳይክ በሌላ አለት መካከል ያልፋል፤ እዚህ ግን መካከል የሚባል አለት የለም፣ ዳይክ በዳይክ ጎን ቆሟል። በሌንስ ዳር ዳሩን ማየት ነው። የቀዘቀዘ አለት የነካው ዳር እህሉ ደቃቅ ነው፣ መሐሉ ሻካራ ነው። ብዙዎቹ ደቃቅ ዳር ያላቸው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ሌላው ወገን የት ሄደ? ቀጣዩ ዳይክ መሐሉን ሰንጥቆ ስለገባ ወዲያ ማዶ ቀርቷል። ኪድና ካን በ1970ዎቹ እነዚህን ዳሮች አንድ በአንድ ቆጥረው የመስፊያው መሐል በየት በኩል እንደነበረ ለማወቅ ተጠቅመውበታል።

እዚህ ላይ አፋርን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዳይክ ገብቶ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ከፍቷል። በ2024 መገባደጃና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የመጣውም በዳይክ ነው። አገራችን ላይ የምናየው ስንጥቁንና መንቀጥቀጡን፣ ማለትም የላዩን ነው። ፓሌኾሪ መንገድ ዳር የቆመው ግድግዳ የዚያ ዓይነት ነገር ለረጅም ዘመን ሲደጋገም ከሥር የሚቀረው ነው። የአፋርን ሥር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ የጂኦሎጂ ተማሪ ትሮዶስን ቢያይ አይጸጸትም።

ተክሉን እንዲህ መዘገብኩት። በቾኩ ላይ ቁጥቋጦ፣ ወይራና ካሮብ። ከላቫው ጀምሮ ፒኑስ ብሩቲያ የሚባለው ፓይን፣ ከሥሩ ደግሞ ወርቃማው ኦክ። ይህ ኦክ ከቆጵሮስ ውጭ በየትም አይበቅልም፤ የቅጠሉ ጀርባ ቢጫ ወርቅ ይመስላል፣ ቤቱም የትሮዶስ እሳት ወለድ አለት ነው። በመስመሬ ላይ ቾኩ ላይ አንድም አላገኘሁም። ከ1,400 ሜትር ወዲያ ጥቁር ፓይን ይረከባል። ጫፉ አካባቢ ዩኒፔሩስ ፎቲዲሲማ አለ፣ የሐበሻ ጥድ ዘመድ፤ ግንዱ ጠማማ፣ ዕድሜው የትየለሌ።

ይህ ዝርዝር ብቻውን ጥያቄውን አይመልስም፤ ከፍታውም አለቱም አብረው ስለሚለወጡ። ስለዚህ ቀጣዩ ሙከራ ከፍታው እኩል ሆኖ አለቱ የሚለያይበትን ቦታ መፈለግ ሆነ። ጋብሮና ሰርፔንቲናይት በሚገናኙበት አካባቢ፣ ቁልቁለቱም አቅጣጫውም ተቀራራቢ በሆነበት፣ በገመድ 10 በ10 ሜትር ካሬዎች ዘረጋሁ። ልዩነቱ ዓይን ይወጋል። ጋብሮው ላይ የረገፈ ቅጠል መሬቱን ሸፍኗል፣ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ይላል። ጥቂት እርምጃ አልፎ ሰርፔንቲናይቱ ላይ ፓይኖቹ ተራርቀዋል፣ በመካከላቸው ባዶ ጠጠር ነው፣ ያለው ተክል አጭርና መሬት የያዘ ነው። ዝናቡ አንድ፣ በረዶው አንድ፣ ፀሐዩ አንድ።

ሁለት የሥራ ማስታወሻ። ፌስታል ላይ በማርከር የተጻፈ ቁጥር በድንጋይ አቧራ ተፍቆ ይጠፋል፤ ውስጥ የገባ ወረቀት ደግሞ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ይበሰብሳል። የሠራው ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ላይ በምስማር መጻፍ ነው።

ሁለተኛው የደኅንነት ነው። ሰርፔንቲናይት ውስጥ ሐር የሚመስል ነጭ ወይም አረንጓዴ ክር ያለው ጅማት ከታየ ክሪሶታይል ነው፣ አስቤስቶስ። አሚያንዶስ ላይ ከ1904 እስከ 1988 የአስቤስቶስ ማዕድን ሲወጣ ኖሯል። ክር ያለውን አለት አልነካም፣ ናሙናም ከማዕድኑ ጉድጓድ አካባቢ አልወስድም። አፈሩንም ሳጠልለው ረጥቦ፣ ደጅ ላይ፣ ኤፍኤፍፒ 3 በተባለው ማስክ ብቻ ነው። ርካሹ የሐኪም ማስክ ለዚህ ምንም አይሠራም።

ኅዳር፦ ስስ ቁራጭ

ቲን ሴክሽን የሚባለው 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአለት ቁራጭ ነው። በዚያ ውፍረት አብዛኛው ማዕድን ብርሃን ያሳልፋል፣ በተሻገሩ ፖላራይዘሮች (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መካከል ሲገባም እያንዳንዱ የራሱን ቀለም ያወጣል። ላቦራቶሪ ሲያሠሩት ለአንዱ ከ20 ዩሮ በላይ ይጠየቃል። ለብዙ ናሙና ያ አይገፋም፤ በእጅ ለመሥራት ወሰንኩ።

አሠራሩ፦ አለቱን በውሃ በሚቀዘቅዝ የአልማዝ ምላጭ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት መቁረጥ። ደረቅ መቁረጥ ክልክል፣ ምክንያቱን ጽፌዋለሁ። አንዱን ፊት በወፍራም መስታወት ላይ በሲሊከን ካርባይድ ዱቄትና በውሃ ማለስለስ፦ 220፣ ከዚያ 400፣ ከዚያ 600፣ መጨረሻ 1000። በየደረጃው መስታወቱንም እጅንም አጥቦ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አንዲት የ220 ፍሬ ወደ 1000ው ከተሻገረች መጫሪያ ትሆናለች። ከዚያ በኢፖክሲ ሙጫ በስላይድ ላይ ማጣበቅ፣ ሌላውን ወገን ቆርጦ መጣል፣ ቀሪውን እስኪሰስ መፍጨት። የዱቄቱ አራት መጠን 25 ዩሮ ያህል፣ ኢፖክሲው 30 ያህል ወጣ፤ ለብዙ ወራት ይበቃል።

ጋብሮው ያለ ችግር ወጣ። ሰርፔንቲናይቱ አስቸገረ። ለስላሳ ስለሆነ ከ400ው ዱቄት ጀምሮ እየተላጠ ይነሣል፤ ሰስቶ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ መሐሉ ተበጣጥሶ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። የተሞከረው በቅደም ተከተል ይህ ነው።

ቀስ ብሎ መፍጨት፦ ለውጥ የለም።

ወፍራሙን ኢፖክሲ አሙቆ ፊቱ ላይ መቀባት፦ አረፋ ይዞ ደረቀ፤ አረፋው በማይክሮስኮፕ ክብ ጥቁር ጠርዝ ይዞ ማዕድን ይመስላል፣ ያሳስታል።

ቀጭን ኢፖክሲ፣ አለቱን በ60 ዲግሪ ለአንድ ሌሊት አድርቆ ገና ትኩስ ሳለ መቀባት፦ ይህ ሠራ። ውስጡ ያለው እርጥበት ስለወጣ ሙጫው ስንጥቁን ተከትሎ ይገባል። ከደረቀ በኋላ ከ600 ዱቄት በታች ሳይወርዱ ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ማይክሮስኮፑ ተራ የተማሪ ነው፣ ፖላራይዘር የለውም። ሲፒኤል የሚባለውን የካሜራ ፖላራይዘር ማጣሪያ ሁለት ገዝቼ አንዱን ከስላይዱ በታች፣ አንዱን በላይ አደረግሁ። እንደመጣ ሲገጠም ጨለማ አይሆንም፣ ሰማያዊና ቡናማ ብቻ ይለዋወጣል። ምክንያቱ ማጣሪያው ውስጥ ከፖላራይዘሩ ጀርባ ሌላ ንብርብር መኖሩ ነው። የሁለቱም የፊት ወገን ስላይዱን እንዲያይ ሲገለበጥ ወዲያው ጨለመ። ገንዘብ የሌለው ሰው ከተበላሸ የካልኩሌተር ስክሪን ላይ የሚላጠው ፕላስቲክም ያንኑ ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ፣ ሙጫውን ማጽዳቱ ብቻ ጊዜ ይወስዳል።

ውፍረቱን በምን ማወቅ ይቻላል? ጋብሮ ውስጥ ባለው ፕላጂዮክሌዝ በሚባል ማዕድን። በትክክለኛው ውፍረት ግራጫና ነጭ ይሆናል፤ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ካሳየ ገና ወፍራም ነው። ሃርዝበርጋይት ላይ ፕላጂዮክሌዝ የለም፣ እዚያ ኤንስታታይትን አያለሁ፤ ግራጫ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን ይበቃል። ኦሊቪኑ በዚያ ውፍረት ደማቅ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ነው።

ያየሁት፦ የኦሊቪን ቅንጣቶች ዙሪያቸውንና ስንጥቃቸውን ተከትሎ ሰርፔንቲን በልቷቸዋል። መረብ ይመስላል፤ ክሩ ሰርፔንቲን፣ በክሩ መካከል የቀረው ጉብታ ኦሊቪን። በክሩ ውስጥ የማግኔታይት ጥቁር ነጠብጣብ ተሰልፏል። አንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ኦሊቪን ጨርሶ አልቋል። ይህ ሁሉ ማግኒዚየም፣ ብረትና ሲሊካ ነው። ፕላጂዮክሌዝ የለም፣ ካልሲየም ያለው ክሊኖፓይሮክሲን እንኳ ጥቂት ነው። ጋብሮው ግን በፕላጂዮክሌዝና በክሊኖፓይሮክሲን የተሞላ ነው፣ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው። በ10 በ10ሩ ካሬ ያየሁት ልዩነት ሥሩ እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ፦ ውሃ

በረዶ ጫፉን ዘጋው። ጊዜውን ወደ ምንጮቹ አዞርኩ።

በሰርፔንቲናይት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። ከላይ ከላይ የሚፈሰው ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት የያዘ ነው፣ ፒኤቹ 8 አካባቢና ትንሽ ከዚያ በላይ። ከጥልቅ የሚመጣው ከአየር ተለይቶ ከአለቱ ጋር ረጅም ጊዜ የኖረ ነው፤ ማግኒዚየሙ በማዕድን ተይዞ ቀርቷል፣ ካልሲየምና ሃይድሮክሳይድ ይዞ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከ11 ያልፋል። አሚያንዶስ አካባቢ አላስ የሚባሉት ምንጮች ከዚህ ወገን ናቸው።

መለኪያው በ4.01፣ በ7.00 እና በ10.01 መፍትሔ ይስተካከላል። ከ10.01 በላይ ያለውን ንባብ ማመን አይቻልም፣ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ መስፈርት ያስፈልጋል። መደብር የሚሸጠው ውድ ነው፤ ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በተጣራ ውሃ ውስጥ እስኪጠግብ በጥብጦ፣ አዝቅጦ፣ የላዩን ንጹሕ ውሃ መውሰድ ይበቃል። በ25 ዲግሪ 12.45 ነው። ጠርሙሱ እስከ አፉ ሞልቶ መከደን አለበት።

በብርጭቆ ተወስዶ ቤት የተለካው ውሃ ምንጩ ላይ ከተለካው በግልጽ ወርዶ ተገኘ፣ ላዩም ነጭ ስስ ቅርፊት ሠራ። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ ካልሲየሙን ካልሳይት አድርጎ ያዘቀጠዋል። ምንጮቹ ዳር ያለው ነጭ ክምችት የተሠራውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ መለካት እዚያው፣ ኤሌክትሮዱ ምንጩ አፍ ውስጥ ገብቶ።

ካልሲየምና ማግኒዚየምን የለካሁት በባሕር ዓሣ ማርቢያ መሞከሪያ ጠብታ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 30 ዩሮ አይሞሉም። ለጨዋማ ውሃ የተሠሩ ስለሆኑ ለጣፋጭ ውሃ ጠብታው ጎላ ያለ ነው፤ የናሙናውን መጠን አራት እጥፍ አድርጎ ውጤቱን ለአራት ማካፈል ይጠቅማል። ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ የሚወጣ ቁጥር አይሰጥም፤ ካልሲየም ይበልጣል ወይስ ማግኒዚየም የሚለውን ግን በማያሻማ ሁኔታ ያሳያል።

ጥር፦ ገብስ

አፈር ከሦስት ቦታ፦ ከቾኩ፣ ከጋብሮው፣ ከሰርፔንቲናይቱ። አንድ እጅ አፈር በ2.5 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ሲለካ ቾኩ ከ8 ይበልጣል፣ ሰርፔንቲኑ ከ7 ብዙ አይርቅም። ፒኤቹ ብቻ ቢታይ የሰርፔንቲኑ ለገብስ የተሻለ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ፒኤች ላይ መቆም የማይቻለው።

የሰርፔንቲን አፈር ችግር አራት ነው ይባላል፦ ካልሲየም ትንሽ ማግኒዚየም ብዙ መሆኑ፤ ኒኬል፣ ክሮሚየምና ኮባልት መብዛታቸው፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ማነሳቸው፤ አፈሩ ስስና ጠጠራም ሆኖ ውሃ አለመያዙ። ውሃውን እኔ ስለማጠጣ አራተኛው ይወጣል። ለሦስቱ የሰርፔንቲን አፈርን በአራት ከፈልኩት፦ እንዳለ፣ ማዳበሪያ ብቻ፣ ጂፕሰም ብቻ፣ ማዳበሪያና ጂፕሰም። ጋብሮውና ቾኩ ለማነጻጸሪያ እንዳሉ። ዕቃው የአንድ ኪሎ የእርጎ ባልዲ ነው፣ ሥሩ ተበስቶ፣ ከሥሩ ሳህን።

ጂፕሰም የተመረጠበት ምክንያት ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነና ፒኤቹን ስለማያነሣ ነው። ኖራ ቢሆን ሁለት ነገር አብሮ ይለወጣል፣ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ካልሲየሙ የማግኒዚየሙን ቦታ ይይዛል፤ የተባረረው ማግኒዚየም ሰልፌት ሆኖ በቀላሉ ይሟሟል፣ ከታች ይወጣል። ጂፕሰሙም የደሴቱ ነው። ሜድትራኒያን ባሕር ከ5.97 እስከ 5.33 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከአትላንቲክ ተቆርጦ ሲተን የቀረ ነው፣ ካላቫሶስ አካባቢ በብዛት አለ።

ከመደብር የሚገዛው ጄሶ ለዚህ አይሆንም። የተቃጠለ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ይደርቃል፤ አንዱ ባልዲ ላዩ እንደ ግድግዳ ደርቆ ውሃ አላሳልፍ አለ፣ ተጣለ። ያልተቃጠለውን ድንጋይ ወቅጦ በወንፊት ማሳለፍ ነው። በኪሎ አፈር 5 ግራም ሰጠሁት።

የካቲትና መጋቢት፦ የታየው

ሁሉም በቀለ። ዘር የራሱ ስንቅ ስላለው መጀመሪያ ላይ ልዩነት የለም፤ ሦስተኛው ቅጠል ሲወጣ ነው የተለያዩት።

ሰርፔንቲን እንዳለ፦ ቀጭን፣ አጭር፣ አሮጌው ቅጠል ቢጫ፣ ግንዱ ሐምራዊ። ሐምራዊው የፎስፈረስ ረሃብ ነው፣ ቢጫው የናይትሮጅን።

ማዳበሪያ ብቻ፦ ለተወሰነ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሮጠ፣ አጓጓኝም። ከዚያ አዲሱ ቅጠል ጫፉ ተጠቅልሎ መሞት ጀመረ፣ አሮጌው ደኅና ሆኖ። ይህ ወሳኝ ምልክት ነው። ካልሲየም ካረፈበት ቅጠል ወደ ሌላ አይሄድም፤ ሲጎድል የሚሞተው አዲሱ ነው።

ጂፕሰም ብቻ፦ የሞተ ጫፍ የለም፣ ግን ቀጭንና ቢጫ ነው።

ሁለቱም፦ ከጋብሮው ገብስ ጋር የሚወዳደር።

ከሳህኑ የተጠራቀመውን ውሃ በየሳምንቱ ሞከርኩ። ጂፕሰም ካገኙት ባልዲዎች የወጣው መጀመሪያ ማግኒዚየሙ ጨመረ፣ ከዚያ እየቀነሰ ካልሲየሙ በለጠ። የታሰበው ልውውጥ በጠብታ መቁጠሪያ ሲታይ ደስ ይላል።

በዚህ መካከል አገር ቤት ላሉት የድሮ መምህሬ ደወልኩ። ወለጋ ዩብዶ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው፤ እዚያም ፕላቲኒየም የሚወጣበት ዱናይት አለ፣ ወርዶ ቢርቢር ወንዝ አካባቢ። «ጋሼ፣ ቢጫው ኒኬል ይሆን?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ኒኬል ቢሆን ቅጠሉ ርዝመቱን ይዞ ነጭ መስመር ያወጣል። አይተሃል?» አላየሁም። «እንግዲያው መርዙን ከመክሰስህ በፊት ረሃቡን ጨርስ» አሉኝ። ባልዲዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው። ዩብዶ ላይ ግን ሞቃቱና እርጥቡ አየር አለቱን በጥልቀት ስላበሰበሰው ሲሊካ ተጠራቅሞ ጠንካራ ሽፋን ሠርቷል፤ ትሮዶስ ላይ እንዲያ ያለ የለም፣ ተዳፋቱ አፈሩን ቶሎ ያጥበዋል። የዚህን ውጤት ወስዶ እዚያ መለጠፍ አይገባም። ያው ሙከራ በዩብዶ አፈር ቢደገም እንዴት ደስ ባለኝ!

ሚያዝያ፦ ሚትሴሮ

አጭር። ሚትሴሮ አጠገብ ኮኪኖፔዙላ የሚባል የተተወ የፒራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ጉድጓድ አለ፣ ውሃው ቀይ ነው። ፒራይት አየርና ውሃ ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፣ ብረቱም ሟሙቶ ያቀላዋል። የፒራይቱና የመዳቡ ክምችት የተሠራው በዚያው የባሕር ወለል ላይ በሚፈላ የጭስ ምንጭ ነው። ከአላስ ምንጮች ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከአንድ የውቅያኖስ ቅርፊት አንዱ ጠንካራ አሲድ፣ ሌላው ከ11 በላይ አልካሊ ይወጣል። ከዳር በፒኤች ወረቀት ብቻ አየሁት። መለኪያዬን አልነከርኩም፣ ገደሉም ይናዳል።

ግንቦት፦ የኒኬል ወረቀት

ገብስ በረሃብ ከታመመ፣ እዚያው ሰርፔንቲን ላይ የሚኖሩት ተክሎች እንዴት ኖሩ? አንዱ መልስ ኦዶንታሬና ትሮዲ ነው፣ ቀድሞ አሊሱም ትሮዲ ይባል የነበረው፤ አጭር፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ የትሮዶስ ብቻ የሆነ ተክል። ኒኬልን ይሰበስባል። ሰብሳቢ የሚባለው በደረቅ ቅጠሉ በኪሎ ከ1,000 ሚሊ ግራም በላይ ኒኬል ሲይዝ ነው፤ ተራ ተክል የሚይዘው ከዚህ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው።

የመስክ መሞከሪያው ቀላል ነው። ዳይሜቲልግላዮክሲም 1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ማሟሟት፣ የማጣሪያ ወረቀት ነክሮ ማድረቅ፣ በጨለማ ማስቀመጥ። እርጥብ ቅጠል ወረቀቱ ላይ ተጭኖ ሲፈጭ ኒኬል ካለ ሮዝ ወደ ቀይ ይሆናል። በፈቃዱ መሠረት ከአንድ ተክል አንዲት ቅጠል ብቻ።

መጀመሪያ የተሠራው ወረቀት አልቀላም። ቅጠሉን ከመጠርጠሬ በፊት ወረቀቱን በኒኬል ሰልፌት ጠብታ ሞከርኩት፣ እሱም ፈዘዘ። የቡና ማጣሪያ ወረቀት ስለነበር ነው፤ ውፍረቱ ጠብታውን ይበትነዋል። በላቦራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት ሲደገም ኦዶንታሬናው ወዲያው ደማቅ ሮዝ ሰጠ። አጠገቡ የቆመው ጥቁር ፓይን ምንም። ወርቃማው ኦክ ምንም። የሰርፔንቲን ገብስም ምንም።

ስለዚህ እዚያው አፈር ላይ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለ፦ ኒኬሉን በራቸው ላይ የሚያቆሙና አስገብተው የሚያጠራቅሙ። የሁለቱም የጋራ ችግር ካልሲየም ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ገብሱ ያረጋገጠው ለገብስ ብቻ ነው።

አሚያንዶስ ጉድጓድ ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደን መልሶ የሚተክሉት ሰዎች ድንጋዩን በእርከን ሠርተው፣ ለም አፈር ከላይ አልብሰው ነው የሚተክሉት። ድሮ ሳየው አፈሩ ለሥር ማስያዣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው ካልሲየምም ፎስፈረስም አብሮ እየተጫነ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ የዕፅዋት አትክልት ቦታና የትሮዶስ ጂኦፓርክ መጎብኛ አለ፤ ጂኦፓርኩ ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ነው። አለቶቹ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፣ መስክ ከመውጣት በፊት ቢታይ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል።

ለሚቀጥለው መስከረም የተዘጋጀው ይህ ነው። ኒኬሉንና የካልሲየሙን እጥረት ለመለየት አፈር መተው አለበት፤ በታጠበ አሸዋ ላይ ገብስ ዘርቶ፣ ማዳበሪያውን ለሁሉም እኩል አድርጎ፣ ኒኬል ሰልፌቱን በሦስት መጠን፣ ካልሲየሙን በሁለት መጠን መስጠት። አሸዋው ከላቫው በኩል ካለ ወንዝ መሆን የለበትም፤ በአሲድ ታጥቦም ካልሲየም ይለቅቃል። የኳርትዝ አሸዋ 25 ኪሎ ከመዋኛ ገንዳ ዕቃ ሻጭ 12 ዩሮ ገደማ ነው፣ ገዝቻለሁ። የቀረው የኒኬሉን ፍሳሽ ማስወገጃ ነው፤ ወደ ቧንቧ አይደፋም፣ በባሊ ተጠራቅሞ ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይሄዳል።